የትራያትሎን ብስክሌት የኋላ ፍሬን ድክመትና የጎማ ክፍተት መጥበብ፦ ምክር ፈልጌ ነበር

ጠያቂ፣ ከኮሎራዶ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው አውሮራ፣ ኮሎራዶ ሲሆን በመጪው በጋ ለሚደረግ የ70.3 ውድድር፣ ማለትም 1.9 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 90 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 21.1 ኪሎ ሜትር ሩጫ ላለው ርቀት እየተዘጋጀሁ ነው። ለዚሁ ብዬ በ2010ዎቹ አጋማሽ የተሠራ፣ ፍሬሙ ሙሉ በሙሉ ካርቦን የሆነ ያገለገለ የትራያትሎን ብስክሌት ገዛሁ። የኋላው ፍሬን እንደ ተራ የመንገድ ብስክሌት ከኮርቻው ሥር ሳይሆን ከፔዳሉ መዘውር ኋላ፣ በፍሬሙ ሆድ ሥር ተደብቆ የተቀመጠ ነው፤ ነፋስን ለመቀነስ ታስቦ የተደረገ መሆኑን አውቃለሁ፣ ነገር ግን ችግሬ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያው ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ችግር ፍሬኑ ደካማ መሆኑ ነው። እጀታውን ስጨብጥ መሪውን ሊነካ እስኪደርስ ድረስ ይመጣል፤ ስለቀው ደግሞ ሸራዎቹ ቶሎ አይመለሱም፣ አንዳንድ ጊዜም አንደኛው ወገን ቸርኬውን (ጎማው የሚቀመጥበትን ቀለበት) እየታከከ ይቀራል። ከሉክአውት ተራራ ስወርድ የፊተኛውን ብቻ እያመንኩ መውረድ አልወደድኩትም።

ሁለተኛው የጎማ ነገር ነው። የቀድሞው ባለቤት የሚጠቀመው ጠባብ የአሉሚኒየም ቸርኬና 23 ሚሊ ሜትር ጎማ ነበር። እኔ ውጫዊ ስፋቱ 26፣ ውስጣዊ ስፋቱ 19 ሚሊ ሜትር የሆነ የካርቦን መንኮራኩር ገዝቼ 25 ጎማ አስገባሁበት። አሁን ጎማው ከመዘውሩ ወደ ኋላ አክሰል ከሚሄዱት ሁለት የፍሬሙ ክንዶች በተለይ ከቀኙ ጋር በጣም ተጠጋግቷል፤ ዳገት ላይ ቆሜ ስረግጥ የመታከክ ድምፅ እሰማለሁ። ቸርኬው ስለሰፋ ካሊፐሩን (ሸራዎቹን ይዞ ቸርኬውን የሚጨምቀውን የፍሬኑን ክፍል) ለመክፈት ካቦውን ስላላላሁት ደግሞ እጀታው ከበፊቱ የባሰ ላላ።

አንድ የጥገና ሱቅ የክንዶቹን ውስጠኛ ገጽ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፍቆ ክፍተት ማስገኘት እንደሚቻል ነግሮኛል። ሌላ ሰው ካሊፐሩን ቀይር አለኝ። አክሰሉ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ወደ ኋላ የተከፈተ ሲሆን መንኮራኩሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወስኑ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉት። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ከየት ልጀምር?

መላሽ፣ ከፍራንክፈርት

ሰላም ወንድሜ። በብስክሌት ጥገና የምተዳደር ሰው ስለሆንኩ የእርስዎን ዓይነት ብስክሌት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ካሊፐር ከመግዛትዎ በፊት ካቦውን ይመርምሩ እላለሁ፤ ምክንያቱም በትራያትሎን ብስክሌት ላይ የኋላ ፍሬን ኃይል አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው መንገድ ላይ ነው እንጂ መጨረሻው ላይ አይደለም።

የካቦውን ጉዞ ያስቡት። ከእጀታው ተነሥቶ በመሪው ውስጥ ያልፋል፣ መሪው ከአንገቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ በጠባብ ኩርባ ይጠመዘዛል፣ ወደ ፍሬሙ ይገባል፣ እስከ መዘውሩ ሥር ይወርዳል፣ እዚያም እንደገና ታጥፎ ወደ ካሊፐሩ ይደርሳል። በእያንዳንዱ ኩርባ የሚፈጠረው ሰበቃ የሚደመር ብቻ ሳይሆን የሚባዛ ነው፤ የመጀመሪያው ኩርባ ያስቀረው ኃይል ሁለተኛው ጋ ሲደርስ ከቀረው ላይ ደግሞ ይቀነሳል። ስለዚህ እጀታው ላይ ጠንካራ ጨብጣ ካሊፐሩ ጋ ሲደርስ ለስላሳ ነገር ሆኖ ይገኛል። ሸራዎቹ ቶሎ የማይመለሱበት ምክንያትም ያው ነው፦ ብዙዎቹ የትራያትሎን እጀታዎች የራሳቸው መመለሻ ሞላ ስለሌላቸው ካቦውን ወደ ኋላ የመጎተቱ ሥራ በሙሉ የካሊፐሩ ሞላ ላይ ይወድቃል፣ ሰበቃ የበዛበት ካቦ ደግሞ ሞላውን ያሸንፈዋል።

ሁለተኛው ኃይል በላተኛ የካቦው ሽፋን መጨመቅ ነው። የተለመደው የፍሬን ካቦ ሽፋን እንደ ሞላ የተጠቀለለ ብረት ስለሆነ ሲጎተት በጥቂቱ ያጥራል። በአጭር ርቀት ይህ አይታወቅም፤ ከመሪ እስከ መዘውር ሥር በሚሄድ ረጅም ሽፋን ላይ ግን እጀታው መሪውን እስኪነካ ሊያደርስ ይችላል። ለማረጋገጥ ቀላል ፈተና አለ። እጀታውን በኃይል ጨብጠው ይያዙና ሽፋኑ የሚታይባቸውን ኩርባዎች ይመልከቱ፤ ኩርባው ሲቃና ወይም ጫፉ ከመቀመጫው ሲንቀሳቀስ ካዩ ጨብጣዎ የሚባክነው እዚያ ነው። ቀጥሎ ካቦውን ከካሊፐሩ ፈትተው ጫፉን በፒንሳ ይያዙና እጀታውን ደጋግመው ይሳቡ። ካሊፐሩ ሳይኖርበት እንኳ የሚንገራገጭ ከሆነ ካሊፐሩን መለወጥ ምንም አያተርፍም። በዚያው ቅጽበት የካሊፐሩን ክንዶች በእጅዎ ጨምቀው ይልቀቁ፤ ፈጥነው ከተመለሱ ካሊፐሩ ጤነኛ ነው።

መፍትሔው እንግዲህ ሽፋኑንና ካቦውን በሙሉ መቀየር ነው። ለፍሬን ተብሎ የተሠራ፣ የማይጨመቅ ዓይነት ሽፋን ይግዙ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ የማርሽ ካቦ ሽፋንም የማይጨመቅ ስለሆነ አንዳንድ ሰው ለፍሬን ይጠቀምበታል፤ ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም። በማርሽ ሽፋን ውስጥ ሽቦዎቹ በቁመት የተደረደሩ በመሆናቸው የፍሬን ኃይል ሲያርፍባቸው ሽፋኑን ሰንጥቀው ሊወጡ ይችላሉ፣ ያን ጊዜ ፍሬን የሚባል ነገር የለም። ለፍሬን የተሠራው የማይጨመቅ ሽፋን ሽቦዎቹን ዙሪያውን የሚያስር ተጨማሪ ጥልፍ አለው። ጉድለቱ በጠባብ ኩርባ አለመታጠፉ ነው፤ ስለዚህ መሪው አንገት ላይና መዘውሩ ሥር ላሉት ጥብቅ ኩርባዎች ከትንንሽ የአሉሚኒየም ቁርጥራጮች የተያያዘውን ዓይነት ሽፋን መጠቀም የተሻለ ነው። የሽፋኑን ጫፍ ከቆረጡ በኋላ በሞረድ ቀጥ አድርገው ያስተካክሉት፣ የውስጡ ፕላስቲክ ከተዘጋም በወስፌ ይክፈቱት። ተንጋዶ የተቆረጠ ጫፍ በእያንዳንዱ ጨብጣ ስለሚሰምጥ የአዲሱን ሽፋን ጥቅም በሙሉ ያጠፋዋል።

መላሽ፣ ከቶሮንቶ

ስለ ካቦው ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ እኔ የምጽፈው ስለ ጎማው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ፍሬሙን ማንም በብርጭቆ ወረቀት እንዳይፍቅልዎ። የካርቦን ክንድ ጥንካሬ ያለው በንብርብሮቹ ውስጥ ነው፤ ግድግዳውም በዚያ ቦታ ምን ያህል ስስ እንደሆነ ከአምራቹ በቀር የሚያውቅ የለም። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሱቅ ሌላ ነገርም ባይነካልዎ ይመረጣል።

25 ተብሎ የተሸጠልዎ ጎማ 25 ነው ብለው እንዳያምኑ። በጎኑ የታተመው ቁጥር አምራቹ በመረጠው የቸርኬ ስፋት ላይ የሚለካ ሲሆን፣ የቸርኬው ውስጣዊ ስፋት 1 ሚሊ ሜትር በጨመረ ቁጥር ጎማው በግምት 0.4 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ቀደም ባሉት ዓመታት የተነደፈና በ15 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ 25 የሚለካ ጎማ በእርስዎ 19 ላይ ሲገባ ወደ 26.6 ይደርሳል ማለት ነው፤ ጥቂት ሳምንት አየር ተሞልቶ ሲቆይ ደግሞ ትንሽ ይለጠጣል። ስለዚህ በሚጋልቡበት ግፊት ሞልተው፣ አንድ ቀን አሳድረው፣ በቨርኒየር (ስፋትን በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ በሚለካ መሣሪያ) ይለኩት። ከዚያ በሁለቱም ወገን ከክንዶቹ ጋር ያለውን ርቀት ለየብቻው ይለኩ። በአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ደንብ በጎማና በፍሬም መካከል ቢያንስ 1.6 ሚሊ ሜትር እንዲኖር ይጠይቃል፤ አምራቾች የሚመሩበት ዓለም አቀፉ የአይ.ኤስ.ኦ ደረጃ ግን ለእሽቅድምድም ብስክሌት 4 ሚሊ ሜትር ይላል። በእኔ ግምት ከ3 በታች ከሆነ አንዲት ጠጠር ከጎማው ጋር ተጣብቃ ስትዞር ካርቦኑን እንደ ሞረድ ትበላዋለች።

ይበልጥ የሚቀርበው ቀኙ ክንድ መሆኑን ስለነገሩን አንድ ነገር ይፈትሹ። መንኮራኩሩን አውጥተው ቀኙን ወደ ግራ ገልብጠው መልሰው ያስገቡት፤ ሰንሰለቱን ለጊዜው ይርሱት። ጎማው አሁን ወደ ግራው ክንድ ከተጠጋ ጥፋቱ የመንኮራኩሩ ነው፣ ቸርኬው ከእምብርቱ መሐል ወጥቷል፤ ጠጋኝ ሽቦዎቹን ወጥሮ በቀላሉ ወደ መሐል ይመልሰዋል። ተገልብጦም ወደ ቀኝ ከተጠጋ ግን አክሰሉ በመቀመጫው ላይ እኩል አልተቀመጠም፣ አለበለዚያም ፍሬሙ ራሱ ተጣሟል። አክሰሉ እኩል አለመቀመጡ ብዙ ጊዜ ከእነዚያ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ይመጣል፤ አንዱ ከሌላው በግማሽ ዙር ቢበልጥ እንኳ መንኮራኩሩ በሰያፍ ይቆማል።

ብሎኖቹን ሁለቱንም እኩል አጥብቀው መንኮራኩሩን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ መግፋትም ይችላሉ። ክንዶቹ ከመዘውሩ ወደ ኋላ በሄዱ ቁጥር እየተራራቁ ስለሚሄዱ ጎማው ሰፋ ወዳለው ቦታ ይሸሻል። ከኮርቻው ቱቦ ጋር ያለው ርቀት ይጨምራል፣ በነፋስ ረገድ ጥቂት ይጎዳል ይባላል፤ እኔ ግን ለአንድ ተራ ተወዳዳሪ ከሚታከክ ጎማ የሚከፋ ኪሳራ አይታየኝም።

ቆመው ሲረግጡ የሚሰሙት ድምፅ በእርግጥ ከክንዱ መሆኑን ለማወቅ በክንዱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ስስ የወረቀት ፕላስተር ለጥፈው አንድ ዳገት ይውጡ። ፕላስተሩ ከተበላ ጎማው ነው፤ ካልተበላ ድምፁ ከፍሬን ሸራው ሳይሆን አይቀርም።

መላሽ፣ ከአዲስ አበባ

በአገራችን የትራያትሎን ብስክሌት ብዙ አይታይም፤ ነገር ግን ከእንጦጦ ቁልቁል የወረደ ሰው ስለ ፍሬን አስተያየት አያጣም፣ ስለዚህ ያልተነሡ ሁለት ነገሮችን ልጨምር።

አንደኛው የእጀታውና የካሊፐሩ ዝምድና ነው። የብስክሌት ዕቃ አምራቹ ሺማኖ ዱራ-ኤስ ከሚባለው ሥሪቱ 7900 ትውልድ ጀምሮ የእጀታውን ስበት ለውጦታል፦ አዲሱ እጀታ ከአሮጌው ይልቅ ብዙ ካቦ ይስባል፣ አዲሱ ካሊፐርም ለዚያ ተብሎ የተሠራ ነው። አዲስ እጀታ ከአሮጌ ካሊፐር ጋር ሲጣመር ጨብጣው ድርቅ ይላል፣ ብስክሌቱ ግን አይቆምም። በተቃራኒው አሮጌ እጀታ ከአዲስ ካሊፐር ጋር ሲሆን የመያዝ ኃይሉ አያንስም፤ ነገር ግን የሚስበው ካቦ ስለማይበቃ እጀታው ወደ መሪው ይጠጋል። የእርስዎ ምልክት ሁለተኛውን ስለሚመስል ያገለገለ ብስክሌት ሲገዙ ምን ከምን ጋር እንደተጣመረ ማየት ይገባል። ካቦው ብቻውን ጥፋተኛ ነው ለማለት አልቸኩልም።

ሁለተኛው ሸራው ነው። ከአሉሚኒየም ቸርኬ ወደ ካርቦን ሲሸጋገሩ የቀድሞውን ሸራ አስቀርተው ከሆነ ዛሬውኑ ያውጡት። በአሉሚኒየም ላይ የሠራ ሸራ የብረት ብናኝ በውስጡ ይዞ ስለሚቀር ካርቦኑን ይቧጭረዋል፤ የላስቲኩም ቅመም ለካርቦን ሙቀት የተሠራ አይደለም። የቸርኬው አምራች የፈቀደውን ሸራ ብቻ ይጠቀሙ።

ከኋላ ፍሬን የሚጠበቀውንም ማወቅ ያስፈልጋል። ብስክሌት ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ የኋላው ጎማ መሬቱን የሚጫነው እየቀነሰ ይመጣል፤ በደረቅ አስፋልት ላይ የኋላው ፍሬን ብቻውን የፊተኛውን ግማሽ ያህል ቢያቆም ትልቅ ነገር ነው። በክንድ ማሳረፊያው ላይ ሳይሆን እጅዎን በመሪው ላይ አድርገው፣ በዝግታ እየሄዱ የኋላውን ብቻ አጥብቀው ሲይዙ መንኮራኩሩ ቆሞ መንሸራተት ከጀመረ ፍሬኑ የሚችለውን ሁሉ ሰጥቷል። ከዚያ በላይ ገንዘብ ቢያፈሱበት የሚጨምር ነገር የለም።

ጠያቂ፣ ከኮሎራዶ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በነገራችሁኝ መሠረት ካቦውን ከካሊፐሩ ፈትቼ ስስበው ይንገራገጫል፤ ካሊፐሩ ግን በእጅ ሲጨመቅ ፈጥኖ ይመለሳል። ሽፋኑን ሳወጣው መዘውሩ ሥር ያለው ጫፍ ተንጋዶ የተቆረጠ ሆኖ አገኘሁት፣ ውስጡም ዝጎ የደረቀ ስኳር የሚመስል ነገር ይዞበታል። ከፊት ካለው የመጠጥ ጠርሙስ እየተንጠባጠበ የገባ ይመስለኛል። እጀታውና ካሊፐሩ አንድ ትውልድ መሆናቸውን አረጋግጫለሁ። ሸራውንም ለካርቦን በተሠራው ለውጫለሁ።

ጎማው በቨርኒየር 26.7 ሚሊ ሜትር ወጣ። መንኮራኩሩን ስገለብጠው ጎማው አሁንም ወደ ቀኝ ስለተጠጋ ብሎኖቹን ብመለከት የቀኙ ከግራው ይበልጥ ገብቶ ነበር። እኩል አድርጌ ሁለቱንም ትንሽ ጨመርኩ፤ አሁን በሁለቱም ወገን 3 ሚሊ ሜትር ገደማ አለኝ። አዲሱን ሽፋን ገና እየጠበቅሁ ነው። ከዚያ በፊት መጋለብ እችላለሁ?

መላሽ፣ ከፍራንክፈርት

አይጋልቡ፤ በካቦው ምክንያት ብቻ አይደለም። መንኮራኩሩን ወደ ኋላ ከገፉ በኋላ ሸራዎቹን አስተካክለዋል? በጽሑፍዎ ላይ አላየሁትም፣ የዚህ ዓይነት ብስክሌት ዋነኛ አደጋም እዚህ ላይ ነው።

የእርስዎ ፍሬን የሚይዘው ቸርኬውን ከፊተኛው ጠርዙ፣ ከመዘውሩ በስተኋላ ነው። ካሊፐሩ በፍሬሙ ላይ ተተክሎ ይቀራል፣ መንኮራኩሩ ግን ወደ ኋላ ሄዷል። እንግዲህ ሸራው በቸርኬው ላይ የነበረው ቦታ በዚያው ልክ ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ጎማው ተጠግቷል። ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ እንኳ የሸራውን የላይኛ ጠርዝ ከጎማው ጎን ጋር ለማገናኘት ይበቃል። ጎማው ከቸርኬው እኩል ወይም ከዚያ የሰፋ በመሆኑ ሁኔታውን ያብሰዋል፤ ሸራው ጎማውን ሲነካ ፍሬኑ ለስላሳ ይመስላል፣ በረጅም ቁልቁለት ደግሞ የጎማውን ጎን በልቶ ያፈነዳዋል። ስለ ፍሬኑና ስለ ክፍተቱ ሁለት ጥያቄ አድርገው ቢጽፉትም በዚህ ፍሬም ላይ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን መንካት አይቻልም።

ስለዚህ የመንኮራኩሩን ቦታ መጀመሪያ ይወስኑ፣ ከዚያ በኋላ አይንኩት። ብሎኖቹ በንዝረት እንዳይዞሩ መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ያድርጉባቸው። ቀጥሎ የሸራዎቹን መያዣ ብሎን አላልተው፣ ሸራው በሙሉ በቸርኬው የፍሬን ገጽ ላይ እንዲያርፍ፣ ከጎማውም ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር እንዲርቅ አድርገው ያጥብቁት። መያዣው ወደዚያ ያህል የማይወርድ ከሆነ መንኮራኩሩን ጥቂት ወደ ፊት መልሰው 23 ጎማ ማስገባት ግዴታ ይሆናል። እንደ ሺማኖ መመሪያ የሸራው ብሎን ከ5 እስከ 7፣ የካቦው መያዣ ብሎን ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ ሌላ ሥሪት ከሆነ የራሱን መመሪያ ይዩ። ለካርቦን ፍሬም ቶርክ ሬንች (ብሎን የሚጠብቅበትን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) መግዛት ቅንጦት አይደለም።

ካሊፐሩ ለአዲሱ ቸርኬ በጣም ተከፍቶ የሚቆም ከሆነ ከሸራው ኋላ ያሉትን ሮንዴላዎች ይመልከቱ። በአንዳንድ የትራያትሎን ካሊፐር ላይ ወፍራሙን በስሱ በመቀያየር ክንዶቹን ወደ ትክክለኛ አቋማቸው መመለስ ይቻላል። ለጠባብ ቸርኬ የተሠራ ካሊፐር ያለ ልክ ሲከፈት ካቦው ክንዱን የሚስብበት ማዕዘን ይበላሻል፤ ቸርኬውን ከቀየሩ በኋላ እጀታው ይበልጥ የላላው በከፊል በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ሮንዴላ ከሌለው ያን ጊዜ ለሰፊ ቸርኬ የተሠራ ካሊፐር ለመግዛት ምክንያት አለ።

ጠያቂ፣ ከኮሎራዶ

እውነትዎን ነው፤ ሄጄ ባየው የግራው ሸራ ጠርዝ ጎማውን ይነካ ነበር። ወደ ታች ሳወርደው ቦታ ስላገኘ 25ቱን ማስቀረት ችያለሁ። ሮንዴላዎቹንም ቀይሬአለሁ።

አዲሱ ሽፋንና ካቦ ከተገጠመ በኋላ እጀታው ከመንገዱ ግማሽ ላይ ይጠነክራል፣ ሸራዎቹም ስለቀው ወዲያው ይመለሳሉ። በሰፈሬ መንገድ ላይ የተባለውን ፈተና ሳደርግ መንኮራኩሩ ተንሸራተተ። የቀረኝ አንድ ነገር ቢኖር፣ ሸራዎቹን አጥብቤ ስላስቀመጥኳቸው አየር የተሞላ ጎማ በመካከላቸው አያልፍም። የትራያትሎን እጀታዬም ሆነ ካሊፐሩ ሸራዎቹን አራርቆ ጎማ የሚያሳልፍ መክፈቻ የላቸውም። ውድድር ላይ ጎማ ቢፈነዳብኝስ?

መላሽ፣ ከቶሮንቶ

የፈነዳ ጎማ አየር ስለሌለው ሲወጣ አያስቸግርም፤ የሚያስቸግረው ሲመለስ ነው። አዲሱን ከመነዳሪ ቅርጹን እስኪይዝ ያህል ብቻ ነፍተው መንኮራኩሩን ያስገቡ፣ ሙሉውን ግፊት ፍሬሙ ውስጥ ሆኖ ይሙሉት። ወደ ኋላ በተከፈተ የአክሰል መቀመጫ ላይ ጎማው ወደ ፊት እየተገፋ ስለሚገባ ይህ ለፍሬኑ ብቻ ሳይሆን ለኮርቻው ቱቦም ያስፈልጋል። ከዚህ የተሻለ ቢፈልጉ በካቦው መስመር ላይ የሚገባ፣ በጣት ሲዞር ካቦውን የሚያላላ ትንሽ መክፈቻ ይሸጣል፤ ሽፋኑ ከመሪው ወደ ፍሬሙ በሚሻገርበት ግልጽ ቦታ ላይ ይገጠማል። ከገጠሙት ግን ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት መዘጋቱን ይዩ።

ትርፍ ከመነዳሪ ሲይዙ የላቴክሱን ዓይነት ተዉት። የካርቦን ቸርኬ በፍሬን ሲግል ሙቀቱን ቶሎ ስለማያስወጣ ብዙ የቸርኬ አምራቾች ላቴክስን ይከለክላሉ፤ ተራው የቡቲል ከመነዳሪ ይበቃል። እዚያው ኮሎራዶ ሲወርዱም ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ በስሱ ይዘው ከመጎተት ይልቅ ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርገው ይዘው መልቀቅ ቸርኬውን ያቀዘቅዘዋል።